መኪናው ሲሞቅ፦ መቀየር፣ ማስጠገን ወይስ ነቅሎ መጣል?

የሞተር ሙቀት ችግር ይዘን ጋራዥ ስንገባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይነቀላል። የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ይወጣል። ፋኑ ዳይሬክት ይደረጋል፤ ማለትም ያለማቋረጥ እንዲዞር ይገናኛል። ሂተሩ ውሃ እንዳያልፍበት ይታለፋል። መኪናው ለጊዜው ይቀዘቅዛል፤ እኛም ከፍለን እንወጣለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ችግር በባሰ ወጪ ይመለሳል።

ከዚህ በታች አማራጮቹን አንድ በአንድ አነጻጽራለሁ። የቱ ገንዘብ ያተርፋል? የቱ ለዛሬ ብቻ ይሆናል? የቱስ ጨርሶ አይመከርም? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ፋብሪካው የገጠመው ነገር ሁሉ ሥራ አለው። የተበላሸውን ቀይሩ እንጂ ነቅላችሁ አትጣሉ።

ጉዳዩ ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ያሳስባል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ያገለግለናል። ሞተሩን በሙቀት ማጣት በጣም ውድ ጥፋት ሆኗል።

መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እዩ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ በአብዛኛው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። የራዲያተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ሞተሩ ውስጥ ሌላ ምንም ሳይበላሽ ውሃው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው።

ክዳኑ የሚሠራው እንደ ፕሬዠር ኩከር ክዳን ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ሙቀትም ይጨምራል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። አንዳንዱ ላይ 88 ወይም 108 ይላል፤ ያው ግፊት በሌላ መለኪያ ተጽፎ ነው። 0.9 የሚለው ክዳን በአዲስ አበባ ከፍታ ንጹህ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት ከ92 ወደ 114 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ያደርገዋል። ውስጥ ያለው ግማሽ በግማሽ በውሃ የተበረዘ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከሆነ ከ120 ያልፋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው አንዲት ቀለበት ጎማና አንድ ስፕሪንግ ነው። ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፤ ስፕሪንጉም ይላላል።

የደከመ ክዳን ምልክት አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ወደ ፕላስቲኩ ሪዘርቭ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ራዲያተሩ አይመለስም። ወይም ጠዋት ኮፈኑን ስትከፍቱ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተጣብቆ፣ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። ያ ማለት ክዳኑ ውሃውን ከሪዘርቭ የሚመልስበት ቀዳዳ ተደፍኗል።

ምርጫው ቀላል ነው። አዲስ ክዳን፣ ያንኑ ቁጥር። ያገለገለ ክዳን መግዛት ትርፍ የለውም። አንዳንድ ሰው «ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል» ብሎ በ0.9 ፋንታ 1.1 ይገጥማል። ይህ በአሮጌ ቱቦና በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ራዲያተር ላይ ተጨማሪ ግፊት መጫን ነው። አታድርጉት። ክዳን ከርካሾቹ መለዋወጫዎች አንዱ ስለሆነ ሌላ ነገር ከማስፈታታችሁ በፊት እሱን ቀይሩ።

መቼ ነው የሚሞቀው?

መካኒኩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት መልስ ልትይዙለት የሚገባ ጥያቄ ይኼ ነው። መኪናው የሚሞቅበት ሰዓት ከብዙ ምርመራ ይበልጥ ይናገራል።

መስቀል አደባባይ ወይም ሜክሲኮ ትራፊክ ውስጥ ቆማችሁ የሚሞቅ ከሆነ፣ መንገዱ ሲከፈትና ፍጥነት ስትጨምሩ ደግሞ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ፋን ላይ ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ በራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፤ ሲቆም ግን ሥራው ሁሉ የፋን ነው።

ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ አስፋልት ላይ በፍጥነት ወይም ዳገት ላይ የሚሞቅ ከሆነ፣ ነገሩ የውሃው ዝውውር ነው። ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል፣ ቴርሞስታቱ በደንብ አይከፍትም ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ለዚህ ከአባይ በረሃ የሚበልጥ መፈተኛ የለም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በበረሃው ሙቀት፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ተጭናችሁ ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ መኪናው ግን ስለሚያዘግም በቂ ነፋስ አያገኝም። በደጋው ደግሞ አየሩ ራሱ ሳስቷል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ገደማ ያንሳል። በዚያው ልክ ራዲያተሩን አልፎ ሙቀት ይዞ የሚሄደው አየር ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ «ትንሽ ትሞቃለች» የምትባል መኪና አባይ ላይ ትቆማለች።

ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ ገና በአንድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ይህን ስለሚያግደው ማሸጊያ፣ ስለ ጋስኬት፣ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ሙቀቱን ስለሚያሳየው ጌጅም አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ መኪኖች ቀስቷ መሐል ላይ የምትቆመው በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ ነው። ከመሐል ተነስታ መውጣት ስትጀምር ሞተሩ አስቀድሞ ሞቋል። በብዙ ቪትዞች ላይ ጌጅ ጭራሽ የለም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቀይ መብራት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከሹፌሩ ጉልበት በላይ ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መሣሪያ መግዛት በጣም ይጠቅማል። ትክክለኛውን ዲግሪ ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ። አንድ ጉድለት ብቻ አለው። ውሃው ጨርሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀርና ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሂተሩ ድንገት ቀዝቃዛ መንፋት ከጀመረ ቁሙ።

ውሃ ወይስ ኩላንት?

«እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?» የሚለውን ክርክር ሁላችንም ሰምተነዋል። ግማሽ እውነት አለው። ንጹህ ውሃ ሙቀት በመሸከም ከኩላንት ይበልጣል። በረዶም አዲስ አበባ ላይ የሚያሳስብ አይደለም። ግን የኩላንት ሥራ በረዶን መከላከል ብቻ አይደለም። መፍያውን ያሳድጋል፣ ዝገት ይከላከላል፣ የፓምፑን ጎሚኒ ከመድረቅና ከመበላት ያቆየዋል። ቀይ ዝገት የተሞላ ራዲያተር ስታዩ ያ የውሃ ሥራ ነው።

ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ ማዕድን አለው። ማዕድኑ ትኩስ ብረት ላይ እየደረቀ ይጋገራል። በተለይ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖር ሰው ይህን በማንቆርቆሪያው ውስጥ ያየዋል። የተጋገረው ነገር መጀመሪያ የሚዘጋው ጠባብ የሆኑትን የሂተር ቱቦዎች ነው፤ ከዚያ ራዲያተሩን። የታሸገ ውሃም የተሻለ አይደለም፤ እሱም ማዕድን አለው። ኩላንት ለመበረዝ የሚሆነው የተጣራ ውሃ ነው፤ ባትሪ ቤቶች «የባትሪ ውሃ» ብለው ይሸጡታል። ስትገዙ ግን ውሃው መሆኑን አረጋግጡ። የባትሪ አሲድም እዚያው ሱቅ፣ በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣል።

ያልተበረዘ ልገዛ ወይስ የተበረዘ? የተበረዘው እንዳለ ይጨመራል፤ ስህተት የለውም። ያልተበረዘው በሊትር ሲሰላ ይረክሳል፤ የትንሽ መኪና ሲስተም በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሊትር ስለሚይዝ ግማሹን ኩላንት፣ ግማሹን የተጣራ ውሃ ማድረግ ነው። ሲስተሙን በውሃ ካጠባችሁ ግን ሞተሩ ውስጥ የሚቀር ውሃ አለ። በላዩ የተበረዘውን ከጨመራችሁ ድብልቁ ይቀጥናል። ከታጠበ ሞተር ጋር የሚሄደው ያልተበረዘው ነው።

«ከበዛ ይሻላል» ብሎ ያልተበረዘውን ብቻ መሙላትም ስህተት ነው። ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይወርዳል። የሚገርመው ደግሞ የኩላንቱ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ኤቲሊን ግላይኮል ሳይበረዝ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል፤ ግማሽ በግማሽ ሲበረዝ ግን እስከ 37 ከዜሮ በታች ይቋቋማል። ሚኒሶታ ወይም ካናዳ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ቁጥር አትርሱ። እዚያ የቀጠነ ድብልቅ በአንድ ሌሊት ረግቶ ሞተር ይሰነጥቃል። መጠኑን የሚለካ ርካሽ መሣሪያ በየመለዋወጫ መደብሩ አለ፤ ክረምቱ ሳይገባ ለኩት። ሪያድና ዱባይ ላላችሁ ጭንቀቱ መፍያው ነው፤ ግማሽ በግማሹ ለእናንተም ይሠራል።

ቀለምስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀለም የኩላንቱን ዓይነት በእርግጠኝነት አይነግርም፤ አምራቹ የፈለገውን ቀለም ሊጨምር ይችላል። በጥቅሉ የድሮው አረንጓዴ ሁለት ዓመት ገደማ ያገለግላል። ብርቱካናማና ቀይ የሆኑት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ብዙውን ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳሉ። የቶዮታው ሮዝ ተበርዞ የሚመጣ ነው፤ ውሃ አይጨመርበትም። ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላው በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ነው የሚመከረው። ሁለት ዓይነት ስትቀላቅሉ የዝገት መከላከያው ይዳከማል፤ አንዳንዴም ዝልግልግ ነገር ይሠራል። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ውስጡ ምን እንዳለ ካላወቃችሁ መጨመሩን ተዉት። አፍስሱ፣ እጠቡ፣ አንድ ዓይነት ሙሉ። ለአሮጌ የጃፓን መኪና ጠርሙሱ ላይ ለጃፓንና ለኮሪያ መኪኖች የሚል ረጅም ዕድሜ ያለው ኩላንት የእኔ ምርጫ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አላመለጣችሁም። ባትሪውና ሞተሩ በብዙዎቹ ላይ በፈሳሽ ነው የሚቀዘቅዙት። አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ኩላንት ይፈልጋሉ። እዚያ ላይ የቧንቧ ውሃ መጨመር ራዲያተር ከማዛግ የከፋ ነገር ያመጣል። መመሪያው ላይ የተጻፈውን ብቻ ተጠቀሙ።

አንድ አደራ አለኝ። ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ መርዝም ነው። ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላል። የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጋችሁ ቤት አታስቀምጡ። መሬት ላይ የፈሰሰውን ውሻ ይልሰዋል፤ ልጅም ሊቀምሰው ይችላል። ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት።

ቴርሞስታት፦ መንቀል ወይስ መቀየር?

በጋራዦቻችን በብዛት የሚነቀለው ይህ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ቴርሞስታት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። ሞተሩ ሲሞቅ ይከፍታል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መከፈት ይጀምራል፤ 95 ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ይሞቃል። «ታዲያ ይውጣ!» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሲወጣ ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛው የታወቀ ነው። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ዘይቱ ቶሎ ይቆሽሻል፣ የሞተሩ አካላት ቶሎ ይበላሉ፣ ሂተሩም አይሞቅም።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። አንዱ በር ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ሌላው በሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። እናም መኪናው ከተማ ውስጥ ይቀዘቅዝና ዳገት ላይ ይሞቃል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ የተነቀለው ዕቃ ራሱ የሙቀት ምክንያት ይሆናል ማለት ነው። ቶዮታ በጥገና መመሪያዎቹ ቴርሞስታት አውልቃችሁ አትንዱ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

«ፈትነነው ነው የጣልነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ደግሞ እንዴት እንደፈተነው ጠይቁት። የተለመደው ፈተና ቴርሞስታቱን ድስት ውስጥ ከትቶ ውሃ ማፍላት ነው። ጥሩ ፈተና ነው፤ ግን አዲስ አበባ ላይ ውሃው ከ92 ዲግሪ አያልፍም። በ95 ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ቴርሞስታት እዚህ ድስት ውስጥ ከፊሉን ብቻ ይከፈታል። በ87 ወይም በ88 መከፈት የሚጀምሩት የአውሮፓ መኪና ቴርሞስታቶች ደግሞ ስንጥቅ ያህል ብቻ ያሳያሉ። «አይከፍትም» ተብሎ የተጣለ ጤነኛ ቴርሞስታት ቀላል አይደለም። ቴርሞሜትር አስገቡ፤ ዕቃው ላይ በተቀረጸው ዲግሪ መከፈት መጀመሩን እዩ፤ ከውሃው ሲወጣም ተመልሶ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን አረጋግጡ። ያ ይበቃል።

ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ መቀየር። ከዋናው ፋብሪካ የመጣው ይመረጣል። ሌላ ከሆነም የሚከፍትበት ዲግሪ ያው ይሁን። ትንሿ የምትንቀሳቀስ ፒን ያለችው ከሆነ ፒኗ ወደ ላይ ሆና ትገጠም፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ላሊበላ ወይም ጎንደር መንገድ ላይ ተዘግቶ ቢቀርባችሁና ምንም አማራጭ ባይኖር፣ አውልቆ ቀስ እያሉ እስከ ከተማ መድረስ ይቻላል። ከተማ ስትደርሱ ግን አዲሱ ይገጠም።

ፋን ዳይሬክት ማድረግ

የኤሌክትሪክ ፋን ሲቆም መጀመሪያ ኤሲውን አብሩ። በአብዛኞቹ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ፋኑ ይነሳል። በኤሲ ተነስቶ በሙቀት ካልተነሳ የፋኑ ሞተር ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሴንሰር ወይም ሽቦ ነው። በሁለቱም ካልተነሳ ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) እዩ፤ ከዚያ የፋኑን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ ፈትኑ።

ዳይሬክት ማድረግ ማለት ቁልፍ ሲበራ ፋኑ ያለማቋረጥ እንዲዞር ማድረግ ነው። ቴርሞስታት ከመንቀል ይሻላል። ቢያንስ ሞተር አያቃጥልም። ነገር ግን ፋኑ ቶሎ ያልቃል፣ ዲናሞው ላይ ጫና ይበዛል። ዋናው አደጋ አሠራሩ ነው። ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ በቀጭን ሽቦ የተሠራ ዳይሬክት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለሳምንት መፍትሔ ከሆነ በፊውዝና በሪሌ ይሠራ። ሴንሰር ወይም ሪሌ መቀየር ግን ከዚያ ብዙም አይወደድም፤ ነገሩን ለዘለቄታው ይዘጋዋል።

እንደ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ባሉት በቺንጋ የሚዞረው ፋን ላይ መሐሉ ላይ ያለውን ክላች እዩ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ትኩስ ሆኖ በእጅ ሲሽከረከር ትንሽ መክበድ አለበት። ብዙ ከዞረ ውስጡ ያለው ዘይት አልቋል። ሰዎች ክላቹን በብየዳ ያጣብቁታል። ፋኑ ሁልጊዜ ይዞራል፤ ነዳጅም ጉልበትም ይበላል። ክላቹን መቀየር ይሻላል።

ራዲያተር፦ ማጠብ፣ ማስጠገን፣ መቀየር

ብዙ ጊዜ ችግሩ ውስጡ ሳይሆን ፊቱ ነው። በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መሐል አቧራ፣ ላባ፣ የነፍሳት ክምር ይቀመጣል። የጭቃና የአቧራ መንገድ ለሚሄድ መኪና ይህ ዋና ምክንያት ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በለስላሳ ግፊት እጠቡት። የመኪና እጥበት ቤቱ ከባድ ማሽን ቀጫጭን ክንፎቹን ያጣምማቸዋል።

ውስጡ ከተደፈነ ምርጫው የሚወሰነው በተሠራበት ብረት ነው። የድሮ ላንድክሩዘርና የአይሱዙ ዓይነት የመዳብ ራዲያተር ተፈትቶ፣ ቱቦዎቹ በሽቦ ተጠርገው፣ ተበይዶ እንደገና ረጅም ጊዜ ይሠራል። ጥሩ ራዲያተር ሠሪ ካገኛችሁ ማስጠገን ያዋጣል። የአሁኖቹ ግን መሐሉ አልሙኒየም፣ ላይና ታቹ ፕላስቲክ ናቸው። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይሰነጠቃል። በኤፖክሲ ማጣበቅ እስከ ቤት ለመድረስ ነው፤ ከዚያ አዲስ ግዙ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መግዛት ይቻላል፤ ግን ያገለገለ ፕላስቲክ ያው የደከመ ፕላስቲክ ነው። ለፋን ክላች ወይም ለፋን ሞተር ሶማሌ ተራን እመርጣለሁ፤ ለራዲያተር ግን አዲሱን፣ ከዋናው ፋብሪካ ባይሆንም እንኳ።

ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት ወይም ፈሳሽ መጨመርን አልመክርም። ቀዳዳውን ከሚደፍነው ይልቅ የሂተሩን ጠባብ ቱቦ ቀድሞ ይደፍናል።

ሂተሩ ሲቀዘቅዝ

ሂተር ከራዲያተሩ ተለይቶ የሚሠራ ነገር አይደለም። የሞተሩ ትኩስ ውሃ ከዳሽቦርዱ ኋላ ባለ ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ፋኑ በላዩ ይነፋል። ስለዚህ ሂተሩ የሞተሩን ጤና ይናገራል።

ቆማችሁ ቀዝቃዛ፣ ጋዝ ስትሰጡ ትኩስ ከነፋ ውሃ ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል። ሁልጊዜ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ወይም ተነቅሏል። ወደ ሂተር ከሚገቡት ሁለት ቱቦዎች አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ሂተሩ ተደፍኗል። ሁለቱም ትኩስ ሆነው ቀዝቃዛ ከነፋ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የአየር በር አይሠራም። የእግር ምንጣፉ ከረጠበ፣ መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ጉም ካለና ጣፋጭ ሽታ ከሸተተ ሂተሩ ራሱ ያፈሳል።

የሚያፈሰውን ሂተር ለመቀየር ብዙ ጊዜ ዳሽቦርድ ማውረድ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱን ቱቦዎች አገናኝቶ ማለፍ ይመረጣል። አዲስ አበባ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ከሌሎቹ አቋራጮች ሁሉ ይሻላል፤ ሞተሩን አይጎዳም። የሚያጎድለው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የፊት መስታወት ጉም ሲሸፍነው ትኩስ አየር አይኖርም። ኤሲው የሚሠራ ከሆነ እርጥበቱን ያደርቅላችኋል። ኤሲም ከሌለ ሂተሩን ቀይሩ፤ በዝናብ ውስጥ ሳያዩ መንዳት የሰው ሕይወት ነው። የተደፈነውን ግን ከመቀየር በፊት በዝቅተኛ ግፊት ውሃ በተቃራኒው አቅጣጫ አጥቡት፤ ብዙ ጊዜ ይከፈታል።

ኩላንት ከተቀየረ በኋላ አየር ማስወጣት ግዴታ ነው። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አድርጉ። ሂተሩን ትኩስ ላይ አድርጋችሁ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱ። ፋኑ ሁለቴ እስኪነሳና እስኪጠፋ ቀስ እያላችሁ ሙሉ።

መንገድ ላይ ከሞቀ

ኤሲውን አጥፉ። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ትኩስ ላይ፣ ፋኑን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ይሞቃችኋል፤ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ። እንፋሎት ከወጣ ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን ለግማሽ ሰዓት ያህል አትንኩ፤ ሲከፈት የሚፈነዳው ውሃ ፊት ያቃጥላል። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲያዝ የማይፋጅና ለስላሳ ሲሆን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ ክዳኑን መጀመሪያ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ድረስ ብቻ ክፈቱት። ቀዝቃዛ ውሃ ትኩስ ሞተር ላይም ውስጥም አታፍስሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ጋስኬት፦ ቴስታታ ማውረድ ወይስ ሞተር መቀየር?

ውሃ ይጎድላል፤ የሚፈስበት ግን አይታይም። ጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ያጨሳል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣል። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት ያለበት ቡና የመሰለ ነገር አለ። ይህ የቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጋስኬት መበላሸት ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን አትደንግጡ። አጭር አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ የእርጥበት ጤዛ እንዲያ ያደርጋል። ቴስታታ ከመውረዱ በፊት በራዲያተሩ አፍ ላይ በሚደረግ፣ የቃጠሎ ጋዝ በሚለይ ፈሳሽ ይፈተን። ሰማያዊው ፈሳሽ ቢጫ ከሆነ ተረጋግጧል።

ምርጫው ሦስት ነው። ጋስኬት የሚደፍን ፈሳሽ መጨመር መኪናውን ሊሸጥ ላሰበ ሰው ነው የሚጠቅመው፤ ገዢውን ይጎዳል። ያገለገለ ሞተር መግዛት የሚያዋጣው ሞተሩ አስቀድሞ ዘይት የሚበላ ወይም ሲሊንደሩ የተላጠ ከሆነ ነው። ያገለገለው ሞተር ራሱ ከዚህ በፊት ሞቆ እንደሆነ ግን የሚነግራችሁ የለም። በጊዜ ለቆመ ሞተር የእኔ ምርጫ ቴስታታ አውርዶ ጋስኬት መቀየር ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ ይለካ። በብዙ ትንንሽ የቶዮታ ሞተሮች ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ መጣመም አይፈቀድም፤ በዓይን የማይታይ ነገር ነው፣ በመለኪያ ብቻ ይታያል። ብሎኖቹ ከተሳቡ ይቀየሩ፤ በመመሪያው ቅደም ተከተልና ኃይል ይጠበቁ።

ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ግን መካኒኩን ጠይቁት፦ መጀመሪያ ለምን ሞቀ? ራዲያተሩ፣ ቴርሞስታቱ፣ ፋኑና ክዳኑ ሳይፈተኑ አዲሱ ጋስኬት ከተገጠመ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሱም ይቃጠላል።